ባለ አምስት ኮከብ አሸዋ

ባለቤቴ እስካለፈው የካቲት ድረስ ባሕር አይቶ አያውቅም ነበር። ይህ ግን ስለ ባሕር ከማውራት አንድ ቀን እንኳ አላገደውም። ተወልዶ ያደገው ከደሴ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ሚኔሶታ ከመጣ ወዲህ ሥራው ብሉሚንግተን ካሉት ሆቴሎች እንግዳ እየጫነ ኤርፖርት ማድረስ፣ ከኤርፖርት ደግሞ ሌላ እንግዳ ጭኖ መመለስ ነው። በብርዱ ወራት የሚጭናቸው ሰዎች ወይ ወደ ሜክሲኮ የሚሄዱ ናቸው፣ ወይ ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ ከሜክሲኮ የሚመለሱ። እሱ መሪውን ይዞ ያዳምጣል። ቤት ሲገባ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ የትኛው ቢች ማዕበሉ እንደሚከፋ፣ የትኛው አሸዋው እንደ ዱቄት እንደሚልም ይነግረኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ያየው ሰው እንደዚያ አያወራም።

እኔ የምሠራው እዚያው ብሉሚንግተን አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ክፍል አጸዳለሁ። ስለዚህ ቫኬሽን ማለት ለእኔ ሌሎች ሰዎች የሚወጡት፣ እኔ ደግሞ ፎጣውን ከወለል የማነሣው ነገር ነው። ቅሬታ አልነበረኝም። ቅሬታ የነበራት ልጃችን ናት። አስራ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ ክፍል ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ በትምህርት ቤት እረፍት አንድ ቦታ ሲሄድ እኛ ግን ሞል ብቻ እንደምንሄድ፣ በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛዋ አስረዳችን። ሞሉ ከአባቷ ሥራ አምስት ደቂቃ ነው። አባቷ እሱንም እንደ ጉዞ ቆጥሮት ኖሮ በጣም ከፋው። በሳምንቱ ትኬት ቡክ አድርጎ መጣ። የምንሄደው በፓስፊክ ዳር ወዳለች አንዲት የሜክሲኮ ከተማ ነው። ስሟን እስከ ዛሬ በሦስት ዓይነት መንገድ ይጠራታል፤ ሦስቱም ልክ እንዳልሆኑ ልጅቷ ነግራናለች።

ከዚያ ጥናቱ ተጀመረ። እሑድ እሑድ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ባለው አፓርታማችን፣ ውጭ ስኖው እንደ ግድግዳ ተከምሮ እያለ፣ ባለቤቴ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ ያንን ሰማያዊ ውሃ ይከፍተዋል። ከተማዋ አስራ አንድ ቢች አላት። እያንዳንዱን በደብተር ጻፈ። ማዕበል፣ ጥላ፣ መጸዳጃ፣ ከሆቴላችን ያለው ርቀት፣ በአቅራቢያው ዓሣ የሚጠብስ መኖሩ፣ ራቁቱን ሊሆን ትንሽ የቀረው ሰው ብዛት፤ ለሁሉም ነጥብ አለው። የመጨረሻውን ነጥብ የጨመረው ለእኔ ክብር ሲል ነው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያጎላ፣ በጥንቃቄ፣ ሴቶቹን ሲቆጥር አንድ ሙሉ ከሰዓት አለፈ። ይህን ሁሉ ለእኔ ብሎ መልፋቱን እያየሁ ማመስገን አልቻልኩም።

ሪቪው የሚባለውን የጎብኚዎች አስተያየትም አብረን አነበብን። አንዲት ሴት አሸዋው ጫማዋ ውስጥ ስለገባ ቅር ብሏት አንድ ኮከብ ሰጥታለች። አንድ ሰውዬ ውሃው ውስጥ ዓሣ አገኘሁ ብሎ ከሷል። ባለቤቴ ግን ሁሉንም እንደ ምስክር ቃል ይቀበል ነበር። ዓሣ የተገኘበትን ቢች ከአራተኛ ወደ ሰባተኛ አወረደው።

ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። የተማሩት በአማርኛ ስለሆነ አማርኛቸው ከእኔ ይጠራል። ብዙ ዓመት ሴንት ፖል ፋብሪካ ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ናቸው። አንድ እሑድ ሾርባ ይዤላቸው ስወርድ፣ ሜክሲኮ ልንሄድ መሆኑን ነግሬያቸው ለወጉ ያህል፣ “እርስዎም ይምጡ እንጂ ከእኛ ጋር” አልኳቸው። እንዲህ ዓይነት ግብዣ መልሱ የታወቀ ነው፤ ሰው አመስግኖ ይተወዋል። ጋሼ ሾርባውን አስቀመጡና “መቼ ነው የምንሄደው?” አሉ።

በቀጣዩ እሑድ ሶፋችን ላይ ተቀምጠው ጥናቱን ይከታተሉ ጀመር። አንድም አስተያየት አልሰጡም። ባለቤቴ ጥሩ ተማሪ ያገኘ መስሎት ነበር።

“ጋሼ፣ የባሕር ውሃ ጨው ነው” አላቸው። “እንዳይውጡት።”

“እሺ፣ እጠነቀቃለሁ” አሉት።

ጋሼ ተወልደው ያደጉት ምጽዋ ነው። ይህን እኔ አውቃለሁ፣ ልጅቷ ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። ግን ደብተሩ እጁ ላይ ስለነበረ ትዝ አላለውም።

ደረስን። ኤርፖርቱ በር ላይ ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታን ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ አጠፉት፤ ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ድረስ አልለበሱትም። በማግስቱ ጠዋት ወደ አንደኛው ቢች ሄድን። አንደኛ ማለት በደብተሩ አንደኛ፣ ባለ አምስት ኮከብ፣ አሸዋው ዱቄት የተባለለት ነው። ከሆቴላችን በታክሲ አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል። ታክሲው አውርዶን ሄደ። ደረጃ ወረድን፣ ወረድን፣ እና ባሕሩን አገኘነው። አሸዋውን ግን አላገኘነውም። ውሃው እስከ ደረጃው ግርጌ መጥቶ ድንጋዩን ይደበድባል።

ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ከቦታው ጋር አስተያየ። ድንጋዩ ያው ነው፣ ዛፏ ያችው ናት። አሸዋው የለም። አንድ ኮኮናት ሻጭ አጠገባችን ቆሞ አብሮ ፎቶውን አየ። ልጃችን በትምህርት ቤት ስፓኒሿ ብትጠይቀው፣ ባሕሩ አሁን ሞልቷል፣ አሸዋው ከሰዓት በኋላ ይመጣል አላት። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ የሰው እጅ ያለበት ማታለል ነው የመሰለው። ባሕር በቀን ሞልቶ እንደሚጎድል ከአስራ አንዱ ቢች ሪቪው አንዱም አልነገረውም ነበር።

“ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁ ነበር?” አልኳቸው።

“አዎ” አሉ።

“ታዲያ ምነው ዝም አሉ?”

“አልተጠየቅሁም” አሉና ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ኮኮናታቸውን ጠጡ።

በሁለተኛው ቀን ሁለተኛው ቢች ሄድን። እዚህ አሸዋው በቦታው ነበር። ማዕበል የለውም፣ ጥላ አለው፣ መጸዳጃው ንጹሕ ነው። ባለቤቴ ደረቱን ነፍቶ ወንበር መረጠልን። ዙሪያችንን የተኙት ሰዎች የሚያወሩትን ስሰማ ግን የማውቀው ወሬ ነው፦ ስኖው፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት፣ አልነሣ ያለ መኪና። ከጎናችን የተኛው ሰውዬ ሚኔሶታ የሚል ኮፍያችንን፣ እኛንም፣ አየና ቀና አለ። ባለቤቴን ለይቶታል። ከሦስት ቀን በፊት ከሆቴል ወደ ኤርፖርት ያደረሰው እሱ ነው። በጣም ደስ አለው፤ ሚስቱን ቀስቅሶ አስተዋወቀው። ከዚያ፣ ክፉ ሳያስብ፣ ከዚህ ወደ ከተማው የሚመልስ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ባለቤቴን ጠየቀው። ባለቤቴም ሰዓቱን ጠይቆ ነገረው። ሲነሡም ሻንጣቸውን ተሸክሞ እስከ መንገዱ ሸኛቸው። እኔ በበኩሌ ሰዎቹ ጥለውት የሄዱትን እርጥብ ፎጣ ከአሸዋው አንሥቼ አጥፌ አስቀመጥኩት። ይህን ያህል አገር አቋርጠን ሁለታችንም ሥራ ገብተን ዋልን።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት እሱና ልጅቷ ተጣሉ። እሱ ሦስተኛው ቢች አለ፤ እሷ ከዚህ በኋላ ደብተሩ ላይ የተጻፈ ቦታ እንደማትሄድ ተናግራ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባች። ጋሼ በረንዳው ላይ ነበሩ። እኔ አልጋዎቹን አነጥፍ ነበር። የሌላ ሰው እጅ የእኔን አልጋ እንዲያነጥፍ መፍቀድ አልቻልኩም፤ ከመጣን ጀምሮ ከጽዳቷ ሴት ቀድሜ ነበር የምጨርሰው። ያን ቀን ግን ቀድማ ደረሰች። በሩን ከፍታ ስትገባ ፎጣ የምታጥፍ እንግዳ አገኘች። አጣጠፌን አየችው። ሆቴል የሠራች ሴት ብቻ ነው ፎጣ እንደዚያ የምታጥፈው። እጇን ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ ራሷ ጠቆመች፤ አዎ አልኳት በራሴ። ሁለታችንም ሳቅን።

እኔ ሥራ ቦታዬ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ እንግዳ የት ልሂድ ብሎ የሚጠይቀው የፊት ዴስኩን ነው። ዴስኩ ላይ ያሉት ልጆች ወረቀት ይሰጡታል። እኛን የሚጠይቀን ፎጣ ብቻ ነው። እኔም ለሁለት ቀን ልክ እንደ እንግዳ ነበርኩ። ልጄን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አስነሥቼ፣ “ኦፍ ስትሆን ልጆቿን ይዛ የት እንደምትሄድ ጠይቂልኝ” አልኳት።

ሴትዮዋ ጥያቄው ገርሟት ትንሽ አሰበች። ከዓሣ ገበያው ጀርባ ነው አለች። በከተማ አውቶቡስ ሄዳችሁ ጀልባዎቹ ጋ ውረዱ። ስሙ ማን ነው ብላ ልጄ ስትጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች፤ እነሱ ዝም ብለው ባሕሩ ነው የሚሉት።

ባለቤቴ ስልኩን ፈተሸ። የለም። ፎቶ የለው፣ ኮከብ የለው፣ የከሰሰው እንኳ የለም። መታወቂያ የሌለው ሰው ቤቱ እንዲያድር የተጠየቀ ይመስል ፊቱ ጠቆረ። ጋሼ ግን ጫማቸውን አድርገው በሩ ጋ ቆመው ነበር።

ቦታው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። አሸዋው ቡናማ ነው፣ ዱቄትነት የለውም። ቀለማቸው የለቀቀ ጀልባዎች ተደርድረዋል፣ ሰዎች መረብ ይጠግናሉ። ቤተሰቦች ድስት ይዘው መጥተው ሸራ ወጥረው ይበላሉ። በውሃው ዳር ደግሞ አሮጊቶች ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ቁጭ ብለዋል፤ ማዕበሉ እየመጣ ጭናቸው ላይ ይፈስሳል፣ እነሱ ወሬያቸውን አያቋርጡም። እኔ ውሃ ውስጥ አልገባም ብዬ ከሚኔሶታ የወጣሁት ከላይ እስከ ታች በሚሸፍነኝ ልብሴ ምክንያት ነበር። እነዚህን ሴቶች ሳይ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነበረብኝ።

ባለቤቴ ሸራ ጥላ ሥር፣ ከውሃው በጣም ርቆ ወንበር ዘረጋ። አሁን ሳስበው በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው ርቆ ነበር የተቀመጠው። ጋሼ ሸሚዛቸውን አውልቀው ለአራት አጠፉት። መነጽራቸውን ጫማቸው ውስጥ አስገቡ። ከዚያ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆሙ፣ ውሃው ሙቅ ይሁን ቀዝቃዛ እግራቸውን ነክረው ሳይሞክሩ፣ ሄዱ፤ ውሃው ወገባቸው ላይ ሲደርስ ተጋደሙና መዋኘት ጀመሩ። በአፓርታማው ደረጃ ሲወጡ በየፎቁ የሚያርፉት ሰውዬ ናቸው። ውሃው ውስጥ ሌላ ሰው ሆኑ። ክንዳቸው ሳይረጭ ይገባል፣ ሳይረጭ ይወጣል። ልጄ አፏን ከፍታ ነበር የምታያቸው።

ጭንቅላታቸው ትንሽ ነጥብ መሰለች። ከዚያ ማዕበል መሐል ትጠፋለች፣ ትታያለች። ከዚያ መታየቷን አቆመች።

ልጄ ቆመች። እኔ እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ ውሃውን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር አየሁ። ምንም። ልጄ መረብ ወደሚጠግኑት ሰዎች ሮጠች። እኔ ከቁርኣን ያሲንን መቅራት እጀምራለሁ፣ መሐሉ ላይ ይጠፋብኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ለልጆቻቸው ምን ብዬ ነው የምደውለው? እኛ እኮ ነን ያመጣናቸው፤ ያውም ለወጉ ያህል ጠርተን።

ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ባለቤቴ ሱሪውን እንደለበሰ፣ ጫማውን እንዳደረገ፣ ስልኩን በእጁ ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ውሃው ውስጥ እየሄደ ነበር። “ጋሼ!” ይላል። አንድ ማዕበል መጥቶ ጣለው። ተነሣ። ስልኩ ከእጁ የለም። “ጋሼ!” እያለ ቀጠለ፤ ውሃው ደረቱ ላይ ደረሰ። መዋኘት አይችልም። ሌላ ማዕበል ከኋላው ሲነሣ አየሁና እኔም ገባሁ። እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ቀሚሴ እግሬ ላይ እየተጠመጠመ ደርሼ ሸሚዙን ከኋላ ያዝኩ። እሱ ወደፊት፣ እኔ ወደኋላ። ክንዱን ስይዘው መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ነበር።

“ምን ጠፍቷችሁ ነው?” የሚል ድምፅ ከዳር ሰማን።

ጋሼ አሸዋው ላይ ቆመዋል። በእንጨት የተሰካ ማንጎ እየበሉ ነው። ከድንጋዮቹ ወዲያ ማዶ ወጥተው፣ እዚያ ካሉ ዓሣ አጥማጆች ጋር ቁጭ ብለው ነበር። “በዓረብኛ ሞከርኳቸው፣ በትግርኛ ሞከርኳቸው፣ በመጨረሻ በልጅነቴ በለቀምኩት ጣሊያንኛ ተግባባን፤ ማንጎውን የሰጡኝ እነሱ ናቸው” አሉን። ለእኛም ሁለት ይዘው መጥተው ነበር።

ባለቤቴ ከውሃው ወጥቶ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልተቆጣም። መንቀጥቀጡ አልቆመለትም። ፎጣ ደረብኩበት። ጋሼ ማንጎውን አስቀምጠው ፊት ለፊቱ ተንበረከኩ። የሆነ ነገር ገብቷቸዋል።

“ልጄ፣ ውሃ ትፈራለህ?” አሉት።

ያን ጊዜ ነው የነገረን። ስምንት ዓመቱ ላይ በሰኔ ወንዝ ሊሻገር ሲል ጎርፉ ወስዶት፣ ከመንደራቸው በታች ሥር የያዘ ግንድ ላይ ተጣብቆ ነው የተገኘው። ሰዎች በገመድ ነው ያወጡት። ከዚያ ወዲህ ከጉልበቱ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። አስራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። በሚኔሶታ፣ በዚህ ሁሉ ሐይቅ መሐል፣ በጋ በመጣ ቁጥር ሁሌ ሥራ የሚኖረው ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም።

“ታዲያ ባሕር ምን አመጣህ?” አልኩት።

“ልጅቷ ትየው ብዬ ነዋ” አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ “ጥሩውን ካገኘሁ አልፈራም ብዬ አስቤ ነበር” አለ።

ያ ሁሉ ደብተር፣ ያ ሁሉ ነጥብ፣ ለዚህ ኖሯል። እኔ እሑድ እሑድ እዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ በሆዴ ስስቅበት፣ እሱ የማይገድለውን ውሃ እየፈለገ ነበር።

ጋሼ ብዙ አላጽናኑትም። “ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትገባለህ” አሉት። “ባሕሩ ሲጎድል፣ አሸዋው ሲሰፋ። እጄን አለቅህም።”

የቀሩትን ሦስት ቀናት ያንኑ ቦታ ዋልን። ሌላ ቢች ያነሣ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆመ፤ ጋሼ አጠገቡ ቆመው ስለ ዓሣ ዓይነት ያወሩለት ነበር። በሁለተኛው ቀን እስከ ወገቡ። እኔ ከአሮጊቶቹ ጎን ቦታ ይዤ በቀሚሴ ቁጭ አልኩ። አንዷ ካመጣችው ድስት ሩዝና ዓሣ ዘግና ሰጠችኝ፤ እኔም ሚኔሶታ ገዝቼ በሻንጣ የጫንኩትን ተምር አካፈልኳቸው። ማዕበሉ ሲመጣ ጭኔ ላይ ይወጣል፣ ይመለሳል። እኔም ወሬዬን አላቋርጥም ነበር፤ አንድም ቃል ባንግባባም።

በመጨረሻው ቀን ጋሼ፣ “አሁን ጀርባህን ስጠኝ” አሉት። መዳፋቸውን ከወገቡ ሥር አደረጉ። ልጃችን በሌላው ጎን ጭንቅላቱን ደገፈች። በእንግሊዝኛዋ ዘና በል፣ አንገትህን ልቀቀው፣ አትታገል ትለዋለች። ይህ ሰው ልጁ አዝዛው ሲታዘዝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ጊዜ ተንፈራግጦ ሰመጠ። ጨዉን ዋጠ፣ አስሎ ተነሣ። ጋሼ ስለ ጨዉ ምንም አላሉም፤ እኔ ብሆን እል ነበር። በሦስተኛው ቀስ ብለው እጃቸውን አወጡ፣ ልጄም አወጣች። ተንሳፈፈ። ሆዱ ከውሃው በላይ፣ ጣቶቹ ወደ ሰማይ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ። ጀርባው ባዶ መሆኑን ያወቀው ከቆየ በኋላ ነው።

ወጥቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ውሃ ከጢሙ ይንጠባጠባል።

“ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁሉ ነገር ጸጥ አለ” አለኝ። “ሰማዩን ብቻ ነበር የማየው።”

የምመልሰው ነገር ነበረኝ። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማይ ያየ ሰው እንደሆነ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት። ፎጣውን አቀበልኩት፣ ተቀብሎ ራሱ ላይ ጣለና እንደዚያው ተሸፍኖ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።